የእማሆይ የሺ መደብ

እማሆይ የሺ ማረፋቸውን የነገረችኝ ልጄ ማኅሌት ናት። ቡሬ፣ ግቢዬ ውስጥ በርበሬ እያሰጣሁ ነበር። ስልኩ ሲጮህ እጄን በቀሚሴ ጠርጌ አነሣሁት።

«እናቴ ሞተች» አለችኝ።

እናቷ እኔ ነኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ፣ ጣቶቼ በበርበሬው እየተቃጠሉ፣ በሕይወት ቆሜያለሁ። ማንን ማለቷ እንደሆነ ግን ወዲያው ገባኝ። መጠየቅ እንኳ አላስፈለገኝም። ይበልጥ ያመመኝ እሱ ነው።

«ነፍሳቸውን ይማር ልጄ። እመጣለሁ» አልኋት።

የተናገረችውን ልብ አላለችውም። እኔም አላነሣሁባትም። በርበሬውን እስከ ዳር አስጥቼ ጨረስሁ፤ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስሁና ወጣሁ።

ስለ እማሆይ የሺ ደግነት የሚናገር ሰው አይጠፋም። ፍኖተ ሰላም ገበያ ውስጥ ማንንም ብትጠይቁ ይነግራችኋል። እኔ የማውቃቸው ግን በሌላ በኩል ነው። እቀናባቸው ነበር። ሰው የሚቀናበትን ሰው ደግሞ አይረሳም፤ አረማመዱን፣ ሳቁን፣ ነጠላውን እንዴት እንደሚያጣፋ ሳይቀር ይይዛል። ስለዚህ ከወዳጆቻቸው ይልቅ እኔ ሳላውቃቸው አልቀርም።

የባለቤቴ ታላቅ እህት ነበሩ። ከመመንኰሳቸው በፊት ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር ልብስ ይሰፉ ነበር። ቁመታቸው አጭር ስለሆነ የስፌት መኪናውን መርገጫ የሚደርሱበት ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነው። ስፒል በከንፈራቸው ይዘው ያወራሉ፤ ስፒሉ አይወድቅም፣ ወሬውም አይቋረጥም። ሜትር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ሰው በራቸው ላይ ሲቆም ግን መጀመሪያ ከራስ እስከ እግሩ አንድ ጊዜ ያዩታል፤ ሜትሩ የሚመጣው ያዩትን ለማረጋገጥ ነው። አጠገባቸው ስፌት ለሚማሩት ልጆች ደግሞ አንድ ቃል ነበረቻቸው። ጨርቅ ተርፎ ሲያዩ «ትርፉን ቁረጭው» ይላሉ። ሰው ወሬ ሲያበዛም «ትርፉን ቁረጭው» ነው።

ማኅሌት ገና ድክ ድክ ስትል ሁለተኛ ልጅ ወለድሁ። ልጁ አልተረፈም። እኔ ተረፍሁ፤ ግን ሰው አልነበርሁም። ጠበል አስገቡኝና እዚያው ብዙ ጊዜ ተቀመጥሁ። ያኔ እማሆይ የሺ ከፍኖተ ሰላም መጥተው ማኅሌትን በጀርባቸው አዝለው፣ አውቶቡስ ተሳፍረው ሄዱ። ማንም አልለመናቸውም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያን ጊዜም ብያለሁ፤ ዛሬም እላለሁ።

ድኜ ልጄን ልወስድ ስሄድ ማኅሌት ከስፌት መኪናው ኋላ ሄዳ ተደበቀች።

«የማን ልጅ ነሽ አንች?» አልኋት፤ ላጫውታት ብዬ።

በትንሽ ጣቷ ወደ እሳቸው አመለከተች።

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈራቸው አወጡ። ስፒላቸውን አውጥተው ሲያወሩ ያየሁት ያን ቀን ነው። «አይደለም የኔ ሆድ» አሏት፤ «የማኅሌት እናት ይችውልሽ።» ከዚያ ቀን ወዲህ እኔን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ባንቻምላክ የሚል ስም አለኝ። ለእሳቸው ግን ሁልጊዜ «የማኅሌት እናት» ነበርሁ። ሌላ ሰው ቢለኝ ደስ ይለኛል። ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ግን መርፌ ሆኖ ይወጋኝ ነበር።

ልጅቷ እዚያው ለመደች። ትምህርት ቤቱም ይሻላል ተባለ፤ እኔም ጤናዬ ገና ነበር። ሌላ ልጅ አልሰጠኝም፤ የሰጠኝን እሳቸው ዘንድ ተውሁ። ለክረምት ወደ እኔ ስትመጣ እንደ እንግዳ ጫማዋን በር ላይ አስተካክላ ታስቀምጣለች። ቁመቷ ወደ አባቷ ወገን ሄዷል። እኔ ረጅም ነኝ። ከእሳቸው ጋር ገበያ ስትወጣ የማያውቃቸው ሰው «ቁርጥ እናቷን!» ይላል። እሳቸው «እናቷ ቡሬ ናት» ብለው ያርማሉ። እየሳቁ ነበር የሚያርሙት። ያችን ሳቅ ከዚያ ውጭ ያየሁባቸው አይመስለኝም።

ማኅሌት ባሕር ዳር የሕንፃ ንድፍ ተምራ እዚያው ሥራ ያዘች። ባለቤቴ በሕይወት አልቆየም፤ ነፍሱን ይማረውና ይህን ሳያይ ነው የሄደው። እኔ ከዚያ ወዲህ ከእግዚአብሔር የምለምነው አንድ ነገር ነበር፤ ልጄ በራሷ እጅ ነድፋ የምታሠራው የመጀመሪያ ቤት የእኔ እንዲሆን። በኩራት፣ የመጀመሪያው ፍሬ፣ የእግዚአብሔር ነው። ከእሱ ቀጥሎ የእናት ነው ብዬ አስብ ነበር። አሳድጌያታለሁ ማለት አልችልም። «ይህን ቤት ልጄ ሠራችልኝ» ማለት ግን እችል ነበር። ግቢዬ ውስጥ ብሎኬት በላስቲክ ሸፍኜ ከመርሁ፤ አረንጓዴ እስኪያበቅል ድረስ ጠበቅሁ።

ለዳግማይ ትንሣኤ ማኅሌት የተጠቀለለ ወረቀት በብብቷ ይዛ ቡሬ መጣች። አውቄዋለሁ አልሁ በልቤ። ጠረጴዛውን ጠረግሁት፤ እጄን ታጠብሁ። ወረቀቱን ዘረጋችው።

«የታለ ቤቱ?» አልኋት። «እኔ የማየው ድንጋይና ሳር ነው።»

«እሱ ነዋ እማዬ! አለመታየቱ ነው ሥራው።» ዓይኗ ያበራል። «ቁልቁለቱን አልቆርጠውም። ሁለቱ ቋጥኞች መሃል አስገባዋለሁ፤ የኋላ ግድግዳው ራሱ ቋጥኙ ነው። የፊቱ ግድግዳ እዚያው የተለቀመ ድንጋይ፣ በጭቃ። ጣሪያው ቀርቀሃ ነው፤ ላዩ ላይ ላስቲክ፣ ከዚያ አፈር ይለብሳል፤ ሳር ይበቅልበታል። የጣሪያው ውሃ በርሜል ውስጥ ይገባል። ወይራዋን አልነካትም፤ በሩ ወይራዋን አልፎ ነው የሚከፈት።»

«ቋጥኝ? የኔ ግቢ የምን ቋጥኝ አለው?»

የወረቀቱን ጠርዝ በጣቷ አስተካከለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ያንች አይደለም እማዬ። የእታለም ነው» አለችኝ። እታለም የምትላቸው እሳቸውን ነው። «ከክረምት በፊት መግቢያ ያስፈልጋታል። ያንች ቀጥሎ ነው።»

«እግዚአብሔር ይርዳሽ» አልኋት። እውነቴን ነው። ግን እጄ ገና ከውሃው አልደረቀም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማሆይ የሺ በዚያው ዓመት ቆብ ደፍተዋል። በእኛ አገር ሴት ስታረጅ፣ የዓለሙን ሥራ ስትጨርስ፣ መንኵሳ ደብር አጠገብ ትንሽ ጎጆ ቀልሳ ትኖራለች። እሳቸውም መኪናቸውን ለሚያስተምሯት ልጅ ሰጡና ወደ አባታቸው አገር ተመለሱ። ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ሲጀምር፣ ገደል አፋፍ ላይ ያለ የማርያም ደብር ነው። የአባታቸው መሬት ሲከፈል ሜዳውን ለወንድማቸው፣ ማለት ለእኛ፣ ትተው «ጭንጫው ለእኔ» ብለው ነበር። ሞፈር የማይገባበት፣ ፍየል እንኳ መርጦ የሚረግጠው ቁልቁለት። ያኔ ማንም ምክንያቱን አልጠየቃቸውም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ሜዳውን አረስነው።

ማኅሌት ንድፉን ልታሳያቸው ስትሄድ አብሬ ሄድሁ። ምን እንደሚሏት ማየት ፈልጌ ነው። ወይራዋ ሥር ተቀምጠን ወረቀቱን በአራት ጠጠር አስያዝነው። ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ጎነበሱበት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሳሎን።»

«ማን ይቀመጥበታል?»

«እንግዳ ሲመጣብሽ።»

«እንግዳ ወይራዋ ሥር ይቀመጣል፤ ይኸው ተቀምጠን የለ? ትርፉን ቁረጭው። ይኼስ?»

«ዕቃ ቤት።»

«የምን ዕቃ? ዳዊቴና እንስራዬ? ቁረጭው።»

«መስኮቶቹንስ ልተዋቸው?» አለች ማኅሌት እየሳቀች።

«ሁለት ምን ያደርጋል? ፀሐይ የምትወጣ በአንድ በኩል ነው።»

እንዲህ እያደረጉ ያንን ቤት ልክ እንደ ቀሚስ አጠበቡት። ማኅሌት አትቆጣም። እኔ «ቀለሙን ቀይሪ» ብላት እንኳ «እማዬ፣ ይኼ ሙያ ነው» የምትል ልጅ፣ እሳቸው በጣታቸው ባሳዩዋት ሁሉ በእርሳስ ትሰርዛለች። ራሶቻቸው ወረቀቱ ላይ ተጋጥመዋል። እኔ ጠጠሮቹን እየጠበቅሁ ነበር።

ሥራው ሲጀመር አገሩ ሳቀ። እኛ ዘንድ ቆርቆሮ ማልበስ ማለት ሰው መሆን ነው። የተማረች ልጅ መጥታ ሳር ስታለብስ ማን ዝም ይላል? ጎረቤታቸው አያ ደጉ፣ ከብቶቻቸውን እዚያው ቁልቁለት ላይ የሚያሰማሩ ሰው፣ በየቀኑ ዱላቸውን ተደግፈው ይቆማሉ።

«ማኅሌት፣ ልጄ፣ ይህን ያህል ዘመን የተማርሽ እማሆይን ዋሻ ልታስገቢያቸው ነው?»

«ዋሻ አይደለም አያ ደጉ፤ ቤት ነው።»

«እኔ ዋሻ አውቃለሁ እኮ! ጅቡ ወጥቶ ነው እሳቸው የሚገቡት ወይስ አብረው ሊኖሩ ነው?»

እማሆይ የሺ ድንጋይ ከማቀበላቸው ቀና ሳይሉ፣ «ጅብስ ጥሩ ጎረቤት ነው፤ ቀን ቀን አይመጣም» አሏቸው።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አያ ደጉም ሳቁ፤ ከዚያ ዱላቸውን ጥለው ድንጋይ ያቀብሉ ጀመር። እኔ ግን የአያ ደጉ ቃል ደስ ብሎኝ ነበር። ቡሬ ሄጄ ለጎረቤቶቼ ምን እላለሁ? «ልጄ ቤት ሠራች፤ ስትሄዱ ግን አይታያችሁም» ልበል? እናት የልጇ ሥራ ከሩቅ ሲያብረቀርቅ ማየት ትወዳለች። ልጄ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሆና ቁልቁል እያየች፣ ግድግዳው ከቋጥኙ ተለይቶ ከታያት ወርዳ የድንጋዩን መልክ ታስቀይራለች። ፀሐይ የሚመታውን ድንጋይ በፀሐይ በኩል፣ የድንጋይ ሽበት ያበቀለውን በጥላ በኩል። «አንድ ቀን ቢፈርስ» ትላለች፣ «መሬቱ ሁሉንም መልሶ መውሰድ አለበት፤ ቆሻሻ እንዳይቀርበት።»

«እኔንም ይጨምራል» ይላሉ እሳቸው። ሁለቱም ይስቃሉ።

የምርጉ ቀን ደቦ ተጠራ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ሰንብቶ ነበር። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው ገቡበት። እማሆይ የሺም ገቡ። ከማኅሌት ጋር ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ይረግጣሉ፤ አንዷ ስታዳልጥ ሌላዋ ትይዛታለች፤ ከጀርባ ሲታዩ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች አይለይም። እኔ ከዚያ ሕመሜ ወዲህ ጉልበቴ አይታጠፍልኝም። ዝቅ ብዬ ከተቀመጥሁ ሰው ካልያዘኝ አልነሣም። ስለዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሳያቸው ዋልሁ። ልጅሽ ስትሠራ፣ ልጅሽ ስትስቅ፣ ከዳር ሆኖ ማየት።

እሳቸው ደግሞ አላስቀምጥ አሉኝ።

«የማኅሌት እናት፣ እዚያ ፀሐይ ይመታሻል፤ ወደዚህኛው ድንጋይ ነይ።»

ሴት ይዛኝ ተነሣሁ፤ ወደዚያኛው ሄድሁ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «እሱስ ጎርባጣ ነው፤ ያንን ሞክሪው» አሉኝ። እንደገና ሰው ያዘኝ። ሦስተኛው ከፍ ያለ ነበር። ከእሱ ላይ ጭድ ለማቀበል ስነሣ ማንም አልያዘኝም።

«እንዴት ነው እሱ?»

«ደኅና ነው» አልሁ። ደኅና አልነበርሁም።

«ምነው እማሆይ» አሉ አያ ደጉ፣ «የማኅሌትን እናት ከድንጋይ ድንጋይ ያዞሯቸዋል? ልካቸው ሲገኝ ግድግዳው ውስጥ ሊገነቧቸው ነው?»

ሴቶቹ በሳቅ ጭቃው ውስጥ ሊወድቁ ደረሱ። እኔ አልሳቅሁም። እማሆይ የሺም አልሳቁም፤ ከራስ እስከ እግሬ አንድ ጊዜ አይተውኝ ወደ ጭቃቸው ተመለሱ።

ቤቱ አልቆ፣ ክረምቱ ገብቶ፣ ለፍልሰታ ልጠይቃቸው ሄድሁ። የማርያም ጾም ነው፤ ዝናቡ ጋብ ብሏል። ቁልቁለቱን ወረድሁ። ወረድሁ። የወንዙ ድምፅ እስኪሰማኝ ወረድሁ። ቤቱ የለም። ተመልሼ ስወጣ ከእግሬ ሥር ድምፅ ሰማሁ፤ ዳዊት ይደግማሉ። ጣሪያቸው አጠገብ ቆሜያለሁ። ሳሩ በቅሎ፣ የቁልቁለቱ ሳር ሆኖ ወርዷል። የልጄን የመጀመሪያ ሥራ ሳላየው አልፌው ሄጄ ነበር።

የተሳሳትሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ያንለታ በራቸው ላይ ቆሜ ሳለሁ ከላይ ዱብ፣ ዱብ የሚል ሰማን። እማሆይ የሺ ዳዊታቸውን ሳይዘጉ ቀና አሉ። እኔ ልቤ ደነገጠ፤ ግማሹ ልቤ ግን «እንግዲህ ይናድ እንደሆነ እናያለን» ይል ነበር። ወጥተን ብናይ ወይኖ፣ የአያ ደጉ በሬ፣ ጣሪያው ላይ ቆሞ ይግጣል። አያ ደጉ ከላይ እየሮጡ መጡ።

«ኧረ ጉድ! እማሆይ፣ ከታች ነዎት?»

«ከታች ነኝ። በሬዎ ከላይ ነው። ጾም እንደሆነ አልነገሩትም?»

«መስክ መስሎት ነው እኮ! እኔስ መች ቤት መሆኑን አወቅሁና!»

«እንግዲያው ማኅሌትን ደውለው ይንገሯት። ከዚህ የበለጠ ምስጋና አታገኝም።»

አያ ደጉ እውነትም እዚያው ደወሉላት። ስልኩ ውስጥ ልጄ ስትጮህ፣ ስትስቅ ይሰማኛል። «እታለምን ስጡኝ!» አለች። ሰጧት። እኔም እዚያ መኖሬን የነገራት የለም። ቀርቀሃው አንድም አልተሰነጠቀም። ኋላ በጣሪያው ዙሪያ እሬት ተከሉበት፤ ወይኖም አልተመለሰም።

ውስጡ ጠባብ ነበር። ዳዊት መስቀያ፣ እንስራ፣ አንዲት በፀሐይ የምትሞላ መብራት። በቋጥኙ በኩል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የጭቃ መደብ አለ፤ ይተኙበታል፣ ይቀመጡበታል። እማሆይ የሺ መደቡ ላይ ሲቀመጡ እግራቸው መሬት አይደርስም። እንደ ሕፃን ይንጠለጠላል።

አየሁ። ደስም አለኝ። ያን ሁሉ ያስለካ ቤት፣ ያ ሁሉ መግባባት፣ አንድ ነገር ተሳስቷል። ማኅሌት ሌላ ጊዜ አብራን ሳለች ተናገርሁት።

«መደቡን ከፍ አድርገሽባቸዋል ልጄ። ልካቸውን አላወቅሽውም?»

ማኅሌት ፊቷ ቀላ። እሳቸውን አየቻቸው። እሳቸው ቶሎ ብለው፣ «እግሬ ይረፍ ብዬ ነው» አሉ፤ «ዕድሜ ልኩን መርገጫ ሲረግጥ ኖሯል።» ከዚያ እንደ ልማዳቸው መደቡን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «አረፍ በይ እንጅ የማኅሌት እናት።»

«መሽቷል፤ መንገድ አለብኝ» አልሁ። አልመሸም ነበር።

በሄድሁ ቁጥር ያንን መደብ በመዳፋቸው ይመቱታል። በሄድሁ ቁጥር በር ላይ ቆሜ እመለሳለሁ። የቀናሁበት ቤት ውስጥ አልቀመጥም ብዬ ነው። እሳቸውም አይጫኑኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ባለፈው ጥምቀት፣ ሊሸኙኝ ወይራዋ ድረስ ወጥተው የነጠላዬን ጥለት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፤ ስፌት መፈተሽ አልተዋቸውም። «ቤቱ አይወድሽም እንዴ?» አሉኝ። «ቤት ሰው ይወዳል እንዴ እማሆይ?» አልኋቸው። «ይኼኛው ይጠብቃል» አሉ። የመጨረሻ ንግግራችን እሱ ሆነ።

በደብሩ ቀበርናቸው። ሰው ብዙ ነበር። ሳልስታቸው ወጥቶ፣ ቀሳውስቱ ጸሎቱን አድርሰው፣ ሰው ሲበተን ማኅሌት ክንዴን ያዘችና «ነይ፣ ዕቃዋን እናንሣ» አለችኝ። ቁልቁለቱን ወረድን። እሬቱ አብቦ ነበር፤ ቤቱን ያገኘሁት በሱ ነው።

እሷ ገባች። እኔ በልማዴ በር ላይ ቆምሁ።

«ግቢ እማዬ።»

«እዚሁ ይሻለኛል።»

«አንድ ቀን እንኳ ሳትቀመጭበት ሄደች እኮ» አለችኝ። የቁጣ ድምፅ ነበር። ልጄ ተቆጥታኝ አታውቅም፤ እንግዳ ሰው ይቆጣል?

«በምኑ ላይ?»

«በመደቡ ላይ ነዋ!» ዕንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ሁሉን አስቆረጠችኝ፤ አይተሻል። ሳሎኑን፣ ዕቃ ቤቱን፣ አንዱን መስኮት። መደቡን ብቻ ጨመረችበት። እኔ በሷ ልክ ነበር የነደፍሁት። የምርጉ ቀን ማታ ጠርታኝ ‹ከፍ አድርጊው› አለችኝ። እግርሽ አይደርስም፣ ዕድሜ ልክሽን ልትንጠለጠይ ነው ብላት ‹የማኅሌት እናት ጉልበቷን ያማታል። መጥታ ስትቀመጥ ሰው ይዟት መነሣት የለባትም› አለችኝ። ድንጋዮቹ ላይ አስቀምጣ የለካችሽ ለዚያ ነው። እንዳልነግርሽ ከለከለችኝ። ‹ተቀምጣ ትወቀው፤ ከተነገራትማ ለይሉኝታ ነው የምትቀመጥ› አለች።»

ገባሁ። ጎንበስ ብዬ፣ በሩ ለቁመቴ ዝቅ ይላል፤ እሱን እንኳ ለራሳቸው ነው ያሠሩት። መደቡ ላይ ተቀመጥሁ። ሁለቱም እግሬ ወለሉ ላይ ሙሉ ለሙሉ አረፈ። ቋጥኙ ጀርባዬን ያዘኝ፤ ቀን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ይዞ ሞቅ ብሏል። ተነሣሁ። ማንም አልያዘኝም። እንደገና ተቀመጥሁ።

ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽም። ይባስ ነው የተሰማኝ። ልጄን አሳደጉልኝ፤ ሜዳውን ተዉልን፤ አሁን ደግሞ ቤታቸው ውስጥ እግራቸውን አንጠልጥለው ኖረው እኔን አስቀመጡኝ። በዚህም ቀደሙኝ። እኔ ምን ሰጥቻቸው አውቃለሁ ብዬ ፈለግሁ። የሰጠኋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ሳልወድ የሰጠሁት። እዚያው ቆማ ታለቅሳለች።

«ነይ» አልኋት።

መደቡን በመዳፌ መታ መታ ሳደርገው ራሴን አየሁት። መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ራሷን ትከሻዬ ላይ አደረገች። ዕንባዋ እስኪቆም በነጠላዬ ጠረግሁላት።

«ክረምቱ ይውጣና ያንችን ቤት እንጀምራለን» አለችኝ በመጨረሻ። «ብሎኬትሽ አለ። የፈለግሽውን ቆርቆሮ አለብስልሻለሁ።»

«ቆይ» አልሁ። «አትቸኩይ። ትንሽ እንቀመጥ።»

ልጄ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯ መሬት የማይደርስበትን ዕድሜ እኔ አላየሁትም። ጠበል ላይ ነበርሁ። ያዩት እማሆይ የሺ ናቸው፤ ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ ስፒል በከንፈራቸው ይዘው። ብዙ የቀናሁባቸው ነገር አለ፤ ከሁሉ አብልጬ የቀናሁት ግን ያንን በማየታቸው ነው።

ጎንበስ ብዬ ወለሉን አየሁ። የእኔ እግሮች መሬት ረግጠዋል። ከጎናቸው የማኅሌት ሁለት እግሮች ተንጠልጥለዋል፤ ጫማዋን በር ላይ አላወለቀችም። ቀስ እያለች ታወዛውዛቸዋለች፤ ሳታውቀው።

አልነገርኋትም። ዝም ብዬ አየሁ።